ናሙናው አንድ በአንድ ሲወርድ

ከወፍራሙ የስታትስቲክስ መማሪያ መጽሐፍ የኋላ ሽፋን ጋር በተጣበቀ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ትቀመጥ የነበረችው ሲዲ ዛሬ ከትዝታ በቀር ሌላ አገልግሎት የላትም። አዲሶቹ ላፕቶፖች ሲዲ ማስገቢያ የላቸውም፤ ቢኖራቸውም በውስጧ ያለው ፕሮግራም የተሠራላቸው ማሽኖች ከሥራ ከወጡ ዓመታት ተቆጥረዋል። ኪሱ ሲከፈት የሚወጣው የፕላስቲክና የሙጫ ሽታ ግን ዘመኑን ይዞት ይመጣል፦ የኮምፒዩተር ክፍሉን ሙቀት፣ ጠረጴዛውን ሙሉ የሚይዙትን ባለ ትልቅ ጀርባ ሞኒተሮች፣ ሲዲዋ መሽከርከር ስትጀምር ከማሽኑ ሆድ የሚሰማውን ጉርምርምታ፣ በመጨረሻም መዳፍ በማትሞላ መስኮት ውስጥ ብቅ ብሎ ስለ አማካይና ስለ ሥርጭት የሚያስረዳውን ሰው። በ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መልቲሚዲያ ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ነገር ነበር። ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ ቪዲዮና ተንቀሳቃሽ ሥዕል በ650 ሜጋባይት ውስጥ ተጠቃለው ሲገቡ፣ የትምህርት ክፍሉ ስላዘዘው ብቻ ስታትስቲክስ የሚወስደው ተማሪ በመጨረሻ ሊገባው ነው ተብሎ ታመነ። ያ ዘመን ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው ድምፁን፣ ሥዕሉንና እንቅስቃሴውን ነው። በእኔ እምነት ግን ከእነዚያ ሶፍትዌሮች ውስጥ በእርግጥ ያስተማሩት ትምህርቱን የሰጡት በሌላ ነገር ነው፦ ማሽኑ ከመንቀሳቀሱ በፊት ለተማሪው በተተወለት የመገመቻ ፋታ፣ እና ናሙናው ዓይኑ እያየ አንድ በአንድ በወረደበት ዝግታ። ከዚያ ወዲህ የተሠራው አብዛኛው ነገር ፈጠነ፣ አማረ፤ ፋታውንና ዝግታውን ግን በመንገድ ላይ ጣላቸው።

ተስፋው ከየት እንደመጣ ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን የመማሪያ ክፍል ማስታወስ ይበቃል። ጥቁር ሰሌዳ፣ የጠመኔ ብናኝ፣ የግሪክ ፊደላት፣ ከመጽሐፉ መጨረሻ ፎቶኮፒ ተደርገው እጅ ለእጅ ሲዘዋወሩ የጠቆሩ የዜድ እና የቲ ሠንጠረዦች። ተማሪው ቀመሩን ይገለብጣል፣ ቁጥሩን ይተካል፣ ካልኩሌተሩን ይጫናል፣ ሠንጠረዡ ላይ ጣቱን እያንሸራተተ መልሱ ላይ ይደርሳል። መልሱም ትክክል ነው። ናሙና ሲያንስ ውጤቱ ይበልጥ ይዋዥቃል የሚለው፣ የትምህርቱ ሁሉ መሠረት የሆነው ሐሳብ ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ ሳይነካ ያልፋል። ይህን ከማንም በተሻለ ያሳየው አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን በ1974 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያቀረቡት የሆስፒታሎቹ ጥያቄ ነው። በአንድ ከተማ ሁለት ሆስፒታሎች አሉ፤ በትልቁ በቀን 45 ያህል፣ በትንሹ 15 ያህል ሕፃናት ይወለዳሉ። ከተወለዱት መካከል ከ60 በመቶ በላይ ወንዶች የሆኑባቸውን ቀናት በዓመት ውስጥ አብዝቶ የሚመዘግበው የትኛው ነው? ከተጠየቁት 95 የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች 53ቱ ሁለቱም ያው ናቸው አሉ፤ 21ዱ ትልቁን፣ 21ዱ ትንሹን መረጡ። ሲሰላ ግን ትንሹ ሆስፒታል በዓመት ወደ 55 እንዲህ ያሉ ቀናት ይኖሩታል፣ ትልቁ ወደ 25። ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ሳለ ከአምስት ተማሪዎች አራቱ ያህል አላዩትም።

እነዚህ ተማሪዎች ቀመሩ ቢሰጣቸው አብዛኞቹ ያሰሉት ነበር። ያልታያቸው ድግግሞሹ ነው። ስታትስቲክስ የሚናገረው ሁሉ «ይህንኑ ደግመን ደጋግመን ብናደርገው ምን ይሆን ነበር?» በሚል ጥያቄ ላይ የቆመ ነው፤ ኑሮ ግን የሚሰጠን አንድ ናሙና ብቻ ነው። ተመራማሪው አንድ ጊዜ ይጠይቃል፣ አንድ ጊዜ ይለካል፣ አንድ አማካይ ይይዛል። ሊወጡ ይችሉ የነበሩትና ያልወጡት ሌሎች አማካዮች በዓይን አይታዩም። እነሱን ለማየት የተከፈለው ዋጋ ከኮምፒዩተር ዘመን ቀደም ብሎ ምን ያህል እንደነበር በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩት ዊልያም ጎሴት ይመሰክራሉ። ጎሴት ስቱደንት በሚል የብዕር ስም በ1908 ባሳተሙት ጽሑፍ የቲ ሥርጭትን መሠረት ሲጥሉ በሒሳቡ ብቻ አልረኩም። የ3000 ወንጀለኞችን ቁመትና የግራ እጅ መካከለኛ ጣት ርዝመት በ3000 የካርቶን ቁራጮች ላይ ጻፉ፤ በሚገባ በወዟቸው፤ ከዚያ አራት አራቱን እየወሰዱ 750 ናሙና አወጡ፤ የእያንዳንዱንም አማካይና ስታንዳርድ ዲቪዬሽን አሰልተው ከሒሳቡ ጋር አስተያዩት። ዛሬ በሥራው ዓለም ሲሙሌሽን የምንለው ይኸው ነው። ጎሴት ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ሲገለብጡ ያዩት መዋዠቅ፣ ተማሪው ሠንጠረዥ ላይ ጣቱን ሲያንሸራትት ሊያየው የማይችል ነገር ነው።

ያንን ድካም ኮምፒዩተር ሊያቃልለው እንደሚችል ብዙዎች ተገንዝበው ነበር፤ መጀመሪያ የመጡት ፕሮግራሞች ግን የተሠሩት ለማስላት እንጂ ለማሳየት አልነበረም። በ1968 በስታንፎርድ የተጀመረው ኤስፒኤስኤስ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪውን የስሌት ሸክም ለማቅለል ታሰበ። በ1972 በፔንሲልቫኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሚኒታብ ከመነሻው ተማሪን ያሰበ ነበር፤ እሱም ቢሆን ያሳረፈው እጁን ነው። ወደ ዓይን ያዞሩት የስታትስቲክስ ሊቁ ጆን ተኪ ናቸው። ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሠሩት ፕሪም-9 ብዙ ገጽታ ያለውን ዳታ በስክሪን ላይ እያዞሩ ማየትን አስቻለ። በፕሪንስተን ከተኪ ሥር የተማሩት ፖል ቬሌማን በኮርኔል ሆነው መጀመሪያ ዳታ ዴስክን ለማኪንቶሽ፣ ኋላም አክቲቭስታትስን ሠሩ። ያቺ በመጽሐፍ ኪስ ትመጣ የነበረችው ሲዲ ብዙ ጊዜ እሷ ነበረች፤ ትረካ፣ ቪዲዮ፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕል፣ ልምምድና ሙሉ የዳታ መተንተኛ ፕሮግራም በአንድ ላይ ይዛለች። በ1989 የወጣውና 26 የግማሽ ሰዓት ክፍሎች የነበሩት «አጌንስት ኦል ኦድስ» የተሰኘው የቴሌቪዥን ትምህርት ደግሞ ስታትስቲክስ ከሰሌዳ ውጭ፣ በፋብሪካና በሕክምና ቦታ ምን እንደሚሠራ አሳይቶ መንገዱን ጠርጎ ነበር። በሜልቦርን የላ ትሮብ ዩኒቨርሲቲ ስታትፕሌይ፣ በኒውዚላንድ የማሲ ዩኒቨርሲቲ ካስት፣ በሂዩስተን የራይስ ዩኒቨርሲቲ ቨርችዋል ላብ ተከተሉ።

የራይሱን፣ ዴቪድ ሌን የመሩትን ሥራ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ቀላልነቱ አሁንም ድረስ ያስደንቃልና። ስክሪኑ ከላይ ወደ ታች በተደረደሩ ግራፎች ተከፍሏል። ከላይ ናሙናው የሚወጣበት ጠቅላላው ሥርጭት አለ፤ ተማሪው በማውስ እየጎተተ ቅርጹን እንደፈለገ ይለውጠዋል፤ ሁለት ጉብታ ያወጣለታል፣ ወደ አንድ ጎን ያጋድለዋል፣ ከፈለገም ቅጥ ያሳጣዋል። ከሥሩ ባዶ ግራፍ፣ ከእሱም ሥር ሌላ ባዶ ግራፍ ይጠብቃሉ። ተማሪው የዝግታውን ቁልፍ ሲጫን አምስት ትንንሽ ሳጥኖች ከላይኛው ሥርጭት ተላቀው ወደ ሁለተኛው ግራፍ ይወርዳሉ፤ አንድ ናሙና ማለት እነዚህ አምስቱ ናቸው። ትንሽ ቆይቶ አማካያቸው ባለበት ቦታ አንዲት ሳጥን ብቻ ወደ ሦስተኛው ግራፍ ትወርዳለች። ሁለተኛው ግራፍ ይጸዳል። እንደገና አምስት ይወርዳሉ፣ እንደገና አንዲት ትከተላለች። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዙር፣ ከላይ ያሉት ሳጥኖች ከዳር እስከ ዳር ሲበታተኑ ከታች ያሉት ወደ መሀል መጠጋጋት ይጀምራሉ። አንዱ ግራፍ ሰዎችን እንደያዘ፣ ሌላው የሰዎችን ሳይሆን የአማካዮችን መዝገብ እንደያዘ፣ ሁለቱ እንደማይምታቱ ተማሪው የሚያየው እዚያ ጋ ነው። ከጎን ደግሞ ያንኑ ሥራ በሺዎች ጊዜ በአንድ ጠቅታ የሚያደርሱ ሌሎች ቁልፎች አሉ። እነሱ ሲነኩ የሚወርድ ነገር አይታይም፤ ደወል የመሰለው ቅርጽ ድንገት ይቆማል። ፈጣኑን ቁልፍ ብቻ የነካ ተማሪ ብዙ ጊዜ ይዞ የሚወጣው «ናሙና ሲበዛ ዳታው ኖርማል ይሆናል» የሚለውን የታወቀ ስሕተት ነው። ዳታው ምንም አልሆነም፤ ኖርማል ወደ መሆን የተጠጋው የአማካዮቹ ሥርጭት ነው። ሁለቱንም ቁልፎች የያዘው ያው አንድ ፕሮግራም ነው፤ የሥዕሉ ጥራትም አንድ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ተማሪው ደረጃዎቹን ማየቱ ወይም አለማየቱ ነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ከእይታ ያለፈ ሥራም አለ። ሮበርት ዴልማስ፣ ጆአን ጋርፊልድና ቤት ቻንስ ለዚሁ ለናሙና ሥርጭት ትምህርት የተሠራ ሶፍትዌር ይዘው በክፍላቸው ውስጥ ያደረጉትን ምርምር በ1999 ጆርናል ኦፍ ስታትስቲክስ ኤዱኬሽን ላይ አወጡ። መጀመሪያ ተማሪዎቹ ሶፍትዌሩን እየነካኩ የሚያዩትን እንዲመዘግቡ ተደረገ። ፈተናው ሲመጣ መሻሻል ነበረ፤ ሆኖም ብዙዎቹ ግልጽ የሆነውን ሥዕል አይተው እንኳ የቀድሞ ስሕተታቸውን ይዘው ቀሩ። አስተማሪዎቹ ከዚያ ያደረጉት ነገር ነው ትልቁ ትምህርት። ሥዕሉን አላሳመሩም፣ ድምፅ አልጨመሩም። የተለወጠው የሥራው ቅደም ተከተል ነው፦ ተማሪው መጀመሪያ ከቀረቡለት ሂስቶግራሞች መካከል ለአነስተኛ ናሙና የሚሆነውንና ለትልቅ ናሙና የሚሆነውን ይመርጣል፤ ከዚያ ሶፍትዌሩን ያስነሳል፤ በመጨረሻም የገመተውን ካየው ጋር እንዲያስተያይ ይጠየቃል። ውጤቱ ከቀድሞው በእጅጉ ተሻለ። ሁሉም ተማሪ ዳነ ማለት አይደለም፤ እነዚሁ ተመራማሪዎች በኋላ በጻፉት ላይ አንዳንዶቹ ስሕተቶች ምን ያህል ሥር የሰደዱ እንደሆኑ በግልጽ አስቀምጠዋል። የመሻሻሉ ምክንያት ግን አያሻማም። ያልገመተ ሰው የሚያየው ነገር ሁሉ «እንዲህማ ነው» ያሰኘዋል፤ የገመተና የተሳሳተ ሰው ግን ቆም ብሎ ለምን ብሎ ይጠይቃል። የሶፍትዌር ሠሪው ሙያ ያቺን ቅጽበት ማዘጋጀት ነው።

በላ ትሮብ የጄፍ ከሚንግ ሥራ ከዚሁ ጋር የሚሄድና ከዚያም አንድ እርምጃ የሚራመድ ነው። ከስታትፕሌይ በኋላ በኤክሴል ላይ የሚሠራ ኤስኪ የተባለ ፕሮግራም አበጅተው የፒ-ቫልዩን ዳንስ ለዓለም አሳዩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ቡድኖች አሉ፣ በእያንዳንዱ 32 ሰው፤ በእውነተኛዎቹ አማካዮች መካከል ያለው ልዩነት የስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ግማሽ ነው። ልዩነቱ እንዳለ እኛ እናውቃለን፤ ማሽኑ ላይ ያስቀመጥነው እኛው ነንና። አሁን ያው ሙከራ ይደጋገም። እያንዳንዱ ድግግሞሽ በስክሪኑ ላይ አንድ አማካይና አንድ መስመር ሆኖ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከጎኑ ፒ-ቫልዩው ይጻፋል። አንዱ 0.002 ይላል፣ ቀጣዩ 0.3፣ ከዚያ 0.04፣ ከዚያ እንደገና ወደ ላይ። ከአሥር ድግግሞሽ ስምንቱ ከ0.001 እስከ 0.47 በሚደርስ ሰፊ ሜዳ ላይ ይበተናሉ፤ ከ0.05 በታች የመውረድ ዕድሉ 52 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከሚንግ ለዚህ ድምፅ ጨመሩበት፤ ትንሽ ፒ-ቫልዩ ሲመጣ ደማቅ የደስታ ድምፅ፣ ትልቅ ሲመጣ የጎረነነ። እዚህ ላይ ድምፁ ጌጥ አይደለም። ዓይን አማካዮቹን ሲከታተል ጆሮ መዋዠቁን ይቆጥራል፤ ዕድሜ ልኩን 0.05ን እንደ መጨረሻ ዳኛ ሲያይ የኖረ ተመራማሪ ያንን የተዘበራረቀ ዜማ ሰምቶ በአንድ ሙከራ ውጤት ላይ የነበረው እምነት ይናጋል። መልቲሚዲያ ቦታውን የሚያገኘው እንዲህ ድግግሞሹን ራሱን ሲያገለግል ነው፤ እዚህም ቢሆን ዞሮ ዞሮ የሚያሳምነው በተራ መውረዱ ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ ከሚነሱት ተቃውሞዎች ከባዱ የሪቻርድ ክላርክ ነው። ክላርክ በ1983 ባሳተሙት የታወቀ ጽሑፍ፣ መገናኛው ትምህርቱን ከማድረስ በቀር በራሱ የተማሪን ውጤት አይለውጥም፣ በቪዲዮም ሆነ በኮምፒዩተር የተገኘ የሚመስለው ለውጥ ሁሉ ከማስተማሪያ ዘዴው የመጣ ነው ብለው ተከራከሩ። ይህ እውነት ከሆነ ስለ ሲዲዎቹ ማውራት ከንቱ ነው፤ ያው ግምት፣ ያው ዝግታ በጠመኔም ይቻላል። ግማሹን እቀበለዋለሁ፤ ከላይ ያለው የ1999ኙ ምርምር ራሱ ያንን ግማሽ ይደግፋል፣ በሁለቱም ዙር ሶፍትዌሩ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱን የለወጠው ዘዴው ነውና። ሌላው ግማሽ ግን አያስኬድም። ጎሴት 750 ናሙና ለማውጣት የለፉት ልፋት በአንድ ክፍለ ጊዜ አያልቅም፤ ተማሪው ደግሞ የናሙናውን መጠን ከአራት ወደ ሃያ አምስት ለውጦ ግምቱን እንደገና መፈተን አለበት፣ የሥርጭቱን ቅርጽ አበላሽቶ ሦስተኛ ጊዜ መፈተን አለበት። ዘዴው ያለ መሣሪያው በወረቀት ላይ ጥሩ ሐሳብ ሆኖ ይቀራል። ሮበርት ኮዝማ በ1991 ለክላርክ በሰጡት መልስ ላይ መሣሪያውና ዘዴው ተነጣጥለው የሚመዘኑ ነገሮች እንዳልሆኑ አስረድተዋል፤ ስታትስቲክስን በተመለከተ እውነቱ ወደዚያ ያደላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሒሳቡ ሰፈር የሚመጣ ነው፤ በእኛም ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጊዜ የሚሰማ ነው። ሥዕል ተማሪን ያሰንፋል፣ ማረጋገጫውን በብዕር የጻፈ ሰው ሥዕሉ አያስፈልገውም፣ የሚያስፈልገው ካለ ለሒሳብ አልተፈጠረም ይላል። ሒሳቡን ማክበሩ ተገቢ ነው፤ ጎሴትም በካርቶኑ ብቻ ሳይወሰኑ ሒሳቡን ሠርተዋል። ነገር ግን ቀመሩን ማወቅ ግንዛቤን ያመጣል የሚለው እምነት ተፈትኖ ወድቋል። ትቨርስኪና ካህነማን በ1971 ባወጡት ስለ ትንንሽ ቁጥሮች ሕግ በሚናገረው ጽሑፍ የጠየቁት ጀማሪዎችን አልነበረም፤ ሥራቸው ምርምር የሆነ፣ ስታትስቲክስ የተማሩና የሚጠቀሙ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችን ነበር። እነሱም ትንሽ ናሙና ጠቅላላውን በደንብ ይወክላል ብለው ከልክ በላይ ይተማመኑ ነበር፤ ሙከራው ቢደገም ያው ውጤት የሚገኝበትን ዕድል ከሚገባው በላይ ከፍ አድርገው ገመቱ። ቀመሩ በእጃቸው ነበር። ድግግሞሹን ግን አይተውት አያውቁም፤ ሙያቸው ራሱ አንድ ሙከራ ሠርቶ ወደ ሌላው ማለፍ ነውና።

ሦስተኛው ተቃውሞ ወደ ትዝታው ራሱ ያነጣጠረ ነው። ያንን ዘመን ማወደስ ቀላል ነው፤ ለማን ነበር ግን? ሲዲዎቹ ውድ ነበሩ፣ ኮምፒዩተሮቹ ጥቂት፣ ወረፋው ረጅም። አብዛኛው የአፍሪካ ተማሪ፣ የኢትዮጵያንም ጨምሮ፣ ስማቸውንም አልሰማም። ይህ እውነት ነው፣ ያማልም። ሆኖም ዝግታ የሀብታም ነገር እንዳልሆነ የዚሁ ታሪክ ሌላ ገጽ ያሳያል። ዳግ ስተርሊንግ በማሲ የጻፉት ካስት ገና ከመነሻው ያለ ክፍያ የሚሰጥ፣ ሥዕሎቹ በገጹ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ መጽሐፍ ነበር፤ የአፍሪካ ምሳሌዎች የገቡበት ቅጂም ተሠርቶለት በአህጉሩ ለማስተማሪያ ውሏል። በ2015 ደግሞ በኬንያ ማሴኖ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ከሕዝብ መዋጮ አሰባስበው አር-ኢንስታት የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር መገንባት ጀመሩ። ማሽን በሌለበትም ቢሆን መጀመሪያው ደረጃ አይቀርም። መቶ ተማሪ ባለበት አዳራሽ ውስጥ የእያንዳንዱ ተማሪ ዕድሜ ወይም ከቤት እስከ ግቢ የሚፈጅበት ደቂቃ በወረቀት ቁራጭ ላይ ተጽፎ፣ እንደ ዕቁብ ዕጣ ተጠቅልሎ በአንድ ዕቃ ሲገባ፣ ተማሪዎቹ እየተነሱ አምስት አምስት እያወጡ አማካያቸውን ሰሌዳ ላይ ሲመዘግቡ፣ የጎሴት ካርቶኖች እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሥራ ይጀምራሉ። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ሰሌዳው ላይ የሚሠራው ሂስቶግራም ምን እንደሚመስል እያንዳንዱ በደብተሩ ይሥል። ወደ ስክሪን መሄድ የሚያስፈልገው የናሙናው መጠን እንዲለወጥና ሁሉም እንደገና እንዲደገም ሲፈለግ ነው፤ ያኔ ተማሪው በስክሪኑ ላይ የሚወርዱት ሳጥኖች ምን እንደሆኑ በእጁ ያውቃቸዋል።

የእነዚህ ሥራዎች አሟሟትም ሊነገር ይገባዋል። መጽሐፍ ከመደርደሪያ ሲወርድ አቧራ ይኖረዋል እንጂ ይነበባል፤ ሶፍትዌር ግን ሳይነካ በተቀመጠበት ይሞታል። ለአሮጌዎቹ ማኪንቶሾች የተጻፉት በ2011 አፕል የቀድሞዎቹን ፕሮግራሞች ማስኬጃ ሲያነሳ ዝም አሉ። በጃቫ አፕሌት የተሠሩት፣ የራይሱንና ካስትን ጨምሮ፣ በ2015 ክሮም፣ በ2017 ፋየርፎክስ በራቸውን ሲዘጉባቸው ባዶ ግራጫ ሳጥን ሆነው ቀሩ። በፍላሽ የተሠሩት ደግሞ በ2020 መጨረሻ አከተመላቸው። ሌንና ስተርሊንግ ሥራዎቻቸውን በጃቫስክሪፕት ዳግመኛ አስጻፉ፣ ጻፉ፤ ይህ ለማንም የማይታይ፣ ሽልማት የሌለው፣ ለዓመታት የሚዘልቅ ልፋት ነው፣ ምስጋናውም ገና አልተከፈለም። እንዲህ ያለ ባለቤት ያላገኙት ግን ብዙ ናቸው። ከእነሱ ጋር የጠፋው ኮዱ ብቻ አይደለም። አንድ መምህር ተማሪዎቹ የት ላይ እንደሚሳሳቱ በየዓመቱ እያየ፣ ያቺን ጥያቄ ከዚያች ሥዕል በፊት ማስቀደም እንደሚያስፈልግ ቀስ በቀስ ደርሶበት ያስተካከለው ቅደም ተከተል አብሮ ጠፋ። አዲሱ ሠሪ ሥዕሉን ከትዝታ ይቀዳዋል፤ ከሥዕሉ በፊት የነበረውን ጥያቄ ግን አያስታውሰውም፣ ጥያቄው ስክሪን ላይ ጎልቶ የሚታይ ነገር አልነበረምና።

አሁን ያለው ብዛት በሲዲዎቹ ዘመን ሊታሰብ የማይችል ነው። በብራውን ዩኒቨርሲቲ ገና ተማሪ በነበረ ወጣት የተጀመረው ሲይንግ ቲዎሪ የተባለ ድረ ገጽ እጅግ ያምራል፤ ስታትኪ በስልክ አሳሽ ላይ ሳይቀር በአንድ ንክኪ አንድ ሺህ ናሙና ያወጣል፤ ሻይኒ የተባለው መሣሪያ ከመጣ ወዲህ አር የተባለውን የስታትስቲክስ ቋንቋ የሚያውቅ መምህር ሁሉ በአንድ ከሰዓት የራሱን ማሳያ ይሠራል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ሲጠየቅ ኮዱን በሰከንዶች ጽፎ ያስረክባል። መሣሪያ የለም ማለት አይቻልም። ስታትኪም ሆነ ሌሎቹ አንድ በአንድ የማውጫ ቁልፍ አላቸው፤ ሆኖም ባለ ሺው ከጎኑ ክፍት ሆኖ ሳለ ማን በዝግታው ይቆያል? አስታዋሽ መምህር ከሌለ ተማሪው ከሁለት ጠቅታ በኋላ ደወሉን አይቶ ገጹን ይዘጋል፣ ትቨርስኪና ካህነማን ቢጠይቁት ደግሞ ሁለቱ ሆስፒታሎች ያው ናቸው ይላል። ጊዜ ይባክናል የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም፤ አሥር ናሙና በዝግታ ማየት ሁለትና ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፣ ያልገባውን ተማሪ በቀጣዩ ሴሚስተር ስለ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል እንደ አዲስ ማስተማር ግን ሳምንታት ይበላል።

ስለዚህ ዛሬ በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ለመሥራት የሚነሳ ሰው (የሚነሱ ቢበዙ ምንኛ ጥሩ ነበር) ብዙ አያስፈልገውም። ኢንተርኔት ሲቋረጥም በተማሪው ስልክ ላይ የሚከፈት አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል፣ የሥርጭቱ ሥዕል፣ አጭር የአማርኛ ትረካ ይበቃዋል። ትልቁ የዲዛይን ውሳኔ ባለ ሺውን ቁልፍ የሚመለከት ነው። ቁልፉ መጀመሪያ ተቆልፎ ይገኝ፤ ተማሪው የአማካዮቹ ሂስቶግራም ምን እንደሚመስል በጣቱ ስክሪኑ ላይ እስኪሥልና አሥር ናሙና አንድ በአንድ ሲወርድ እስኪያይ አይከፈትለት። ከተከፈተም በኋላ ግምቱ ከእውነተኛው ሂስቶግራም በላይ በቀጭን መስመር እንደተሣለ ይቆይ፤ የናሙናው መጠን ሲለወጥም አዲስ ግምት ይጠየቅ። እያንዳንዱ ግምት ደግሞ ስም ሳይያዝበት በፋይሉ ውስጥ ሊቀመጥና ተማሪው ለመምህሩ ሊልከው ይችላል። መቶ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ መቶ ሥዕል ነው፦ ስንቶቹ የአማካዮቹን ሥርጭት ከላይኛው ሥርጭት እኩል አስፍተው ሣሉት፣ ስንቶቹ የዳታውን ጉብታ ወደ ታች ገለበጡት፣ ስንቶቹ ናሙናው ሲበዛ ይጠብባል ብለው ጠበቁ። መምህሩ በማግሥቱ ክፍል ሲገባ ያንን ሰሌዳ ላይ አሳይቶ ትምህርቱን ከዚያ ሊጀምር ይችላል።